ሦስት ሰኞ የፈጀ ግጣም

ድስት ግጣሙን አያጣም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው መቼም ሽኩና ጊሜል በሚሉት በዚህ የባዕድ አገር ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ኖሮ አያውቅም። የኔ ማሰሮ ግጣሙን ካጣ ዓመት አልፎት ነበር። ከአገር ቤት፣ ከወለቃ፣ ጭኔ ላይ ታቅፌ ያመጣሁት፣ አውሮፕላን ያልሰበረው ግጣም፣ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ከእጄ አመለጠ። ምን ይደረግ? መድኃኒቴን የማኖርበት ማሰሮ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም የማናግረው ሰው ሳጣ እሱን አናግር ነበር፤ አፉን ከፍቶ ማዳመጡን ይችልበታል።

የልጅ ልጄ አቪታል ኮሌጅ ገብታ ዕቃ መንደፍ ትማራለች። የምትኖረው እዚሁ ከተማ፣ ራሞት ሰፈር ነው፤ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት። የወጣት ሩብ ሰዓት ስንት ወር እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። አንድ ሰኞ ሳይታሰብ ከች አለች። መምህሯ ለአንድ ሰው የጎደለውን ዕቃ በኮሌጁ ማሽን ሠርታችሁ አምጡ ብሏቸው ኖሯል። የጎደለኝንማ ማሽን አይሠራውም። ማሰሮውን አሳየኋት።

ማሽኑ ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ እንደ ክር እያቀጠነ፣ ዙር በዙር ላይ እየደረበ ዕቃ ያወጣል አለችኝ፤ ግማሹን በዕብራይስጥ። ይኼማ እናቴ ጭቃ እየጠቀለለች ስትደርብ የኖረችው ነው ብላት ሳቀች። ያን ጊዜ ማሽኑ በኮሌጁ አንድ ብቻ ስለነበር ተማሪዎቹ እንደ ቦኖ ውሃ ወረፋ ይጠብቁለት ነበር።

በሳምንቱ ሰኞ ግጣሙን ይዛ መጣች። መያዣው ክንፏን የዘረጋች ወፍ ነበረች፤ ክንፎቿ ግን እንደራሰ ነጠላ ተንጠልጥለዋል። ኮምፒዩተሩ ላይ ቀጥ ብለው ነበር እያለች ትናደዳለች። ኮምፒዩተር ላይማ የኔም ወገብ ቀጥ ይል ይሆናል። ከሥሩ ደጋፊ የሌለው ነገር ይወርዳል፣ እኛ የማሰሮ ሆድ ስናወጣ ጣት በጣት እየገፋን ነው እንጂ አየር ላይ አንሠራም አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ ግጣሙን ብንሞክረው ደግሞ አልገባ አለ። ሳይተርፍ ሳይጎድል ለክቼ ነበር ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

«ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣» አልኳት። «እናቴ ማሰሮውንና ግጣሙን ከአንድ ጭቃ ባንድ ቀን ሠርታ አብራ ታደርቃቸዋለች። አብረው ስለሚኮማተሩ ይገጥማሉ። እሳት ከነካቸው በኋላ ንቅንቅ የለም። ያንቺ ግን ሌላ አገር፣ ሌላ ጭቃ ነው፤ ትንሽ ክፍተት ተዪለት።»

ይህን ስል እሷን ሳይሆን ግጣሙን ነበር የማየው።

በሦስተኛው ሰኞ ወፏ ክንፏን ሰብስባ፣ ከግርጌዋ ወፈር ብላ መጣች። ግጣሙም ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ምነው ባልገጠመ! አቪታል ፎቶ አነሳችው፣ ምስሯን በላች፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

በአራተኛው ሰኞ ምስር ሠርቼ ብጠብቅ ስልክ ደወለች። መምህሩ ከክፍሉ ሁሉ እሷን አመስግኖ ከየት ተማርሽው ቢላት፣ ከአያቴ አለችው። ኮራሁ። ኩራት ግን ምስር አይበላም።

በአምስተኛው እኔው ደወልኩና ግጣሙ አልገጥም አለ አልኳት።

«እንዴት? ገጥሞ ነበርኮ።»

«ማሰሮው ሳያብጥ አልቀረም።»

ሳቋ መጣ።

«እማማ፣ እሳት የነካው ጭቃ ንቅንቅ የለውም ብለሽኝ የለም እንዴ?»

በደንብ ያስተማሩት ልጅ ለውሸት አይመችም። ሳቭላኑት እማማ፣ ታገሺ፣ ፈተናዬን ስጨርስ እመጣለሁ አለችኝ። ይኸው እየታገሥኩ ነው። ድሮ ብቻዬን ሳወራ አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠኝ ማሰሮ ነበረኝ፤ አሁን እሱንም ልክክ አድርጋ ዘግታብኝ ሄደች።