ከመጽሔት የተሰፋ ሙሉ ልብስ

ማስታወቂያ ድሮ ጨዋ ነበር። ያሁኑን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቀን ስለ ጫማ ያሰባችሁ እንደሆነ፣ ወር ሙሉ በስልካችሁ ውስጥ እየተከተለ በጫማ ይደበድባችኋል። የድሮው ግን ገጹ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ገልጣችሁ ስትደርሱበት ባርኔጣውን ያነሣል፤ እንደ አማላጅ ሽማግሌ ከሩቅ ጀምሮ ስለ ኑሮ፣ ስለ ወንድነት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ አውርቶ አውርቶ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ማፈር እያለ የመላጫ ሳሙና እንደሚሸጥ ይነግራችኋል። ለሳሙና ይህን ያህል ትሕትና! የድሮ የአሜሪካ የወንዶች መጽሔት የምሰበስበው ለዚህ ነው።

የወንዶች መጽሔት ስላችሁ ሐሳባችሁ ወዴት እንደሮጠ አውቃለሁ። መልሱት። እኔ የምለው ስለ ባርኔጣ፣ ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ከረባት አስተሳሰር የሚያወራውን ነው። እዚያ ውስጥ ያሉ ወንዶች ሁሉም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ወገቡን የሚያመው አንድም የለም። ቀኑን ሙሉ ዳውንታውን፣ ከመሬት በታች ባለ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆም የሚውል ሰው እንዲህ ያሉ ወንዶችን ማየት ለምን እንደሚወድ አትጠይቁት።

አንድ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከምኖርበት አፓርትመንት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ሞቶ ልጆቹ ዕቃውን ይሸጡ ነበር። የሰው ዕድሜ ሣር ላይ ተዘርግቶ ማየት ደስ አይልም፤ ግን ይረክሳልና እንሄዳለን። ቤታቸው ጋራዥ ጥግ ሁለት ካርቶን ሙሉ መጽሔት አገኘሁ። ዋጋውን ስጠይቅ ልጅየው እጁን አወናጨፈ፤ ውሰደው፣ አባቴ አልጥልም ብሎን ነው አለኝ። ተሸክሜ ስወጣ ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ የክፍል ጓደኛዬ የሂሩት አባት ናቸው። ሂሩት በዲቪ መጥታ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ እናቷ ሲያርፉ ጊዜ አባቷን አስመጣች። ጋሽ ደምሴ በጉልምስናቸው ፒያሳ የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ፋሽኑን ከየት ያመጡት ነበር ብትሉ፣ ከመጠቅለያ። አማካሪ ሆነው የመጡ አሜሪካኖች ያነበቡትን መጽሔት ሠራተኞቻቸው በኪሎ ለባለሱቅ ይሸጡታል፤ ጋሽ ደምሴ ስኳር ሊገዙ ሲሄዱ የሚመርጡት ስኳሩን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር።

አንዱን ካርቶን ቤታቸው ወስጄ ሶፋቸው አጠገብ ሳስቀምጥ ሂሩት ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ታስራለች። ሽፋኑን በአንድ ዓይኗ አየችና፣

"ምንድን ነው ደግሞ ያመጣህለት? ልጆች አሉ እኮ!" አለችኝ።

"ከረባት ነው" አልኳት።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው መግለጥ ጀመሩ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ የሚያነቡት ስፌት ነው። በጣታቸው የትከሻውን ስፌት ይከተላሉ፣ ኮሌታውን ይዳስሳሉ፤ አንዱን ባለመኪና "እጅጌው አጥሮበታል" ብለው አዘኑለት። እንዲህ እያሉ ሲሄዱ አንድ ገጽ ላይ እጃቸው ቆመ።

"እሱ ነው" አሉ።

"ማን?"

"ሰውዬዬ!"

ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ የለበሰ መልከ መልካም ሰው ነው። ባርኔጣውን ይዞ ከቤቱ ሊወጣ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ያዩታል።

"ይሄን ምስል ያኔ አግኝቼ፣ ጽሑፉን ቆርጬ ጥዬ፣ መስታወት ውስጥ አስገብቼ ሱቄ ሰቅዬው ነበር። ሙሽራ በመጣ ቁጥር ጣቱን የሚቀስረው ወደሱ ነው። ስንቱን ዳርኩት መሰለህ በዚህ ልብስ!" ሳቁ። አሜሪካ ከገቡ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። "እስቲ አንብብልኝ። የምን ጨርቅ ነው ይላል? ዕድሜዬን ሙሉ ማወቅ እፈልግ ነበር።"

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። ምርጥ የእንግሊዝ ሱፍ ነው ብላቸው ማን ይከሰኛል? ነገር ግን እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ አዋቂነቴን የሚጠይቀኝ ሰው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው የማገኘው። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። ማስታወቂያው የጨርቅ አይደለም። የሕይወት መድን ነው። ከላይ በደማቁ "ይህ አባት ዛሬ ወደ ቤቱ ባይመለስስ?" ይላል።

"ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰሎሞን፣ የባንክ ጸሐፊው" አሉ ቀስ ብለው። "ባገባ በሦስተኛው ዓመት ሥራ ብሎ ወጥቶ ቀረ።" የልብሱን ትከሻ በጣታቸው ነኩ። "መምህር ኃይሉ። ይሄንኑ ኮት ደርቦ ነው የወጣው፤ ሚስቱ ነግራኛለች። የአየለ ልጅ…"

ያን ክፉ ዘመን ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ካልነገሯችሁም አትጨቅጭቋቸው።

"ጋሽ ደምሴ፣ ልብሱ ምን አደረገ? ዘመኑ ነው እንጂ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ልብስ ሰው አይገድልም" አሉ። "ግን እኔ ሰውዬው ወደ ሠርግ የሚሄድ መስሎኝ ነበር።"

በሳምንቱ ሂሩት ኮል አደረገችኝ። "ምንድን ነው ያሳየኸው? ምግብ አልቀምስ ብሎኛል። ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሞ ስንት ሰዓት ነው የምትመለሺው ይለኛል። ፈረቃዬ ሳያልቅ ሦስት ጊዜ ይደውላል።" አንድ ከረባት አሳየኋቸው ልበላት?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥፋቴን ተሸክሜ ድልድዩን ተሻገርኩ። ጋሽ ደምሴ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁኝ።

"ያ ወረቀት የሚሸጠውን ነገር እዚህ ማን ይሸጣል?" አሉኝ።

"መድኑን?"

"አዎ። ያኔ ያነበበልን አልነበረም፤ የእነ ሰሎሞን ሚስቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ባዶ ቤት ቀሩ። አሁን ግን ተነቦልኛል። ሰምቼ እንዳልሰማ ልሁን? ሂሩትና ልጆቿ ከኔ ሌላ ማን አላቸው?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለል አለኝ። ሐዘናቸው የሚያደርገው ነገር አገኘ ብዬ። መድን የምትሸጥ አንዲት ሀበሻ አፈላልጌ ቀጠሮ ያዝኩላቸው። ሴትዮዋ ረቡዕ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ ትሑት፣ አንቱታ የማታጓድል። ስም ጠየቀች። ሕመም ጠየቀች። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ጠየቀች።

"ጨርቅ አቃጥላለሁ ብዬ ነክቼው አላውቅም" አሉ በኩራት።

"ዕድሜዎትስ አባባ?"

"ሰማንያ ሰባት።"

ጣቶቿ ቆሙ። እኔን አየችኝ፤ ይህን ቀድመህ አትነግረኝም ነበር ወይ እንደ ማለት። እኔ ደግሞ የመጽሔት ማስታወቂያ እንጂ የመድን ሕግ መቼ አንብቤ አውቃለሁ?

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ" አለች። "በእርስዎ ዕድሜ እኛ ጋ የሚሆን የለም።"

ማስታወቂያው ሃምሳ ዓመት ለፍቶ በመጨረሻ አንድ ሰው አሳመነ፤ ያሳመነውን ሰው ደግሞ አንፈልግህም አሉት።

ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም። ተነሥተው ኮቷን አለበሷት፤ ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለች ክር ነቅለው ጣሉላት።

"ልጄ፣ እኔ ዘንድ ወፍራሙም፣ ቀጭኑም፣ ጎባጣውም መጥቷል። ልክህ የለም ብዬ የመለስኩት ሰው ግን የለም" አሏት።

ሴትዮዋ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?