ባዶ ሆዱን ያደረ ሳህን

«ዕቃ እንደ እንግዳ ነው፣ ኢንተላ ኮ፤ ባዶ ሆዱን አይሸኝም።»

ይህን ያሉኝ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ሰበታ በተዳርኩ በመጀመሪያው መስቀል፣ ጭኮ የላኩበትን ሳህን አጥቤ ባዶውን ልመልስላቸው ብሄድ። «ኢንተላ ኮ» ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ የተዳርኩ ልጅ ነበርኩና ቀሪውን ትምህርት እርሳቸው ደጅ ተማርኩት ማለት ይቻላል።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ በዓል ሲመጣ በየሰፈሩ ከሰው ይልቅ የሚዞረው ሳህን ነው። የእኔ ድፎ በእርሳቸው ሳህን ይሄዳል፣ የእርሳቸው ጭኮ በእኔ ይመጣል፤ ኋላማ የትኛው የማን እንደነበረ እንኳ ይጠፋናል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። የበኩር ልጄን ስወልድ እናቴ ሱሉልታ ናት፤ ከተማውን አቋርጣ እስክትደርስ ገንፎዬን ያገነፉት፣ ወገቤን ጠበቅ አድርገው ያሰሩት አዴ ጫልቱ ነበሩ።

ታዲያ ባለቤቴ ከፋብሪካው ሥራ ወጥቶ በከረመበት ዓመት፣ የመስቀል ለት ጭኮው እንደ ልማዱ መጣ። ቅቤው ጣት ላይ የሚቀልጥ ነበር። በላን። ጓዳዬን ብከፍት ያለው ቆሎ ብቻ ነው። ለጭኮ ቆሎ ይመለሳል? እናንተስ ብትሆኑ ትመልሳላችሁ? ሳህኑን አጠብኩና መደርደሪያው ላይ ደፋሁት።

የተደፋ ሳህን ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ባደረ ቁጥር ሆዱ ይሰፋል። በማግስቱ ቢሆን አንድ ጭብጥ ቆሎ ያጠግበው ነበር። ከወር በኋላ ድፎ ካልሆነ አለኝ። ለገና የበግ እግር ሳያምረው አልቀረም። እኔም ውሃ ልቀዳ ስወጣ በደጃቸው የሚያልፈውን የታችኛውን መንገድ ትቼ በላይኛው ዳገት እዞር ጀመር። «ያ ሳህን ባይኖር እኮ ውሃው ቶሎ ይደርስልን ነበር» ይለኛል ባለቤቴ፣ ሥራ ከፈታ ወዲህ ነገር ማየት ለምዶ።

አንድ እሑድ አዴ ጫልቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያዙኝ።

«ጠፋሽ?»

«ልጁ እያለቀሰ አስቸገረኝ፣ አዴ።»

«እኛ ቤትስ ማልቀስ ይከለከላል?»

እርሳቸው ሳቁ፤ የእኔ ሳቅ አልመጣ አለ። ስለ ሳህኑ ቃል አልተነፈሱም። እንዴትስ ይተንፍሱ? «ሳህኔን» ቢሉ «ሞልተሽ አምጪ» ማለት ይሆንባቸዋል። እኔን በላይኛው መንገድ የሚያዞረኝ ይሉኝታ እርሳቸውንም ቤታቸው አስሮ አስቀመጣቸው። አንድ ሳህን፣ ሁለት እስረኛ።

ግንቦት ላይ ባለቤቴ ሥራ ገባ። ለመስቀል ትልቅ ድፎ ጋግሬ፣ ሳህኑን ሞልቼ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ እክሳለሁ አልኩ። መስቀል በቀጠሮው መጣ። የቀሩት አዴ ጫልቱ ናቸው። ሐምሌ ላይ ልጃቸውን ብርቄን ሊጠይቁ ተጂ እንደሄዱ ታመሙና እዚያው አረፉ፤ ክረምቱ መንገዱን ይዞት ኖሮ እኛ የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

የመስቀል ዋዜማ ብርቄ የእናቷን ቤት ልትከፍት መጣች። ለቅሶ ልደርሳት ሄድኩ። አልቅሰን አልቅሰን ሲወጣልን፣

«እናቴ በምን አስቀይማሽ ነበር?» አለችኝ። «‹ያቺን ልጅ በምን አስቀየምኳት?› እንዳለች ነው የሞተችው።»

የሳህኑን ነገር ነገርኳት።

«በሳህን?» አለች።

ባዶ ሆዳቸውን የተሸኙት እንግዲህ እርሳቸው ናቸው።

ወደ ቤቴ ስመለስ የዚያ የመጀመሪያው መስቀል ነገር ሙሉው ትዝ አለኝ። «ባዶ ሆዱን አይሸኝም» ካሉኝ በኋላ እኔ በሐፍረት እንደ ጨው ስሟሟ፣ ወደ ጓዳቸው ገብተው ከራሳቸው ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ ባለው ሳህን ጨመሩልኝና «በይ አሁን ስጪኝ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ቃላቸውን ይህን ያህል ዓመት በአደራ ይዤ፣ ያደረጉትን ጥዬው ኖሬያለሁ።

ቤት ስደርስ ሊጡ ኩፍ ብሎ ጠበቀኝ። እስኪጋገር አልጠበቅኩም። ሳህኑን ከመደርደሪያው አንሥቼ አጠብኩና፣ ውሃው ሳይደርቅ፣ ባዶውን ይዤ በታችኛው መንገድ ወደ ብርቄ ሄድኩ።