ሚስቴን የሚያሳድድ ዜማ

ቀናተኛ ባል ብዙ ዓይነት ነው። የሚስቱን ቦርሳ የሚፈትሽ አለ፤ አለቃዋን ሳያውቀው የሚጠላ አለ፤ ያሳቃት ማን እንደሆነ ካልነገረችው ምሳ የማይዋጥለትም አለ። እኔ ሦስቱንም ነኝ። አትፍረዱብኝ፣ ሚስቴን ሰብለን አላያችኋትም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከመካከላችሁ በሙዚቃ ስልት የቀና አለ?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ቁስቋም ዳገቱ ላይ ነበር፤ እኔ አዲሱ ገበያ የኅብረት ሱቅ ሠራተኛ፣ ሰብለ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ምሥራቅ ጀርመን ሙዚቃ ተምሮ የመጣ ዳንኤል የሚባል ወጣት ተመደበለት። ቁመቱ መለሎ፣ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ አኮርዲዮን አቃፊ። ሰብለ ድምፅዋ ተፈትኖ ስትመረጥ የእሷ ፊት በራ፣ የኔ ጠቆረ።

በሳምንቱ እራት እያቀረበች፣ "ባሮክ የሚሉት የፈረንጅ ሙዚቃ ስሙ እኮ ቅርጹ የተጣመመ ሉል ማለት ነው" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"ዳንኤል።"

ጓድ የለ፣ አቶ የለ። ዳንኤል፣ በቃ! በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ መዝፈን እፈልጋለሁ አልኩ።

ዳንኤል እያስረዳ ነበር። ባሮክ ጣሊያን አገር ሲጀመር ቀላል ነበር አሉ፤ አንድ ድምፅ ከላይ ያዜማል፣ ባስ የሚሉት ወፍራሙ ድምፅ ከታች ይሸከመዋል። ጌጡ እየበዛ ሄደና አንዷን ኖታ ሳያንቀጠቅጡና ሳያሽሞነሙኑ ማለፍ ነውር ሆነ። ጀርመን ሲደርስ ደግሞ ድምፆቹ በረከቱና እርስ በርስ ይሯሯጡ ጀመር። "ይህን ፊውግ ይሉታል፤ ሽሽት ማለት ነው" አለና ወደ ሚስቴ ዞረ። "አንቺ ዜማውን ይዘሽ ትሸሺያለሽ፤ እኔ ያንኑ ይዤ እከተልሻለሁ።"

"እስከ የት?" አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነው የጠየቅኩት።

"እርስዎ ባስ ነዎት" አለኝ። ለሚስቴ አንቺ፣ ለኔ እርስዎ!

ወጥመዱ የገባኝ ልምምድ ላይ ነው። በባሮክ ሌላው ድምፅ ሁሉ ያርፋል፤ ባስ አያርፍም። እነሱ እያረፉ ይተያያሉ፣ ፈገግ ይላሉ፤ እኔ ቀና ካልኩ ቆጠራው ይጠፋኛል። የምንለማመደው መዝሙር የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ ስለነበር የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግጥሙን አስወጥተው የምርት ዘመቻ አስገብተውበታል። እናም ሰውዬው ሚስቴን ያሳድዳል፣ እኔ ከታች "ምርት፣ ምርት፣ ምርት" እላለሁ።

አንድ ቀን ዳገቱን ስንወጣ ተነፈስኩ። "ይቅርብሽ ይሄ ነገር።"

ቆመች። "ድምፅሽ ጥሩ ነው ያለኝ እሱ ነው። አንተ ስንት ዓመት ስትሰማኝ ምን አልክ?"

መንገዴን ቀጠልኩ። ዳገቱም ትንፋሽ አልተወልኝ።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ሳይቀሩ መጥተዋል። መሐል ላይ ሴቶቹ መግቢያቸውን ሳቱ፤ ሰብለ ዝም አለች፤ የሚያሳድዳትም የሚያሳድደው አጣና አኮርዲዮኑን ይዞ ተደናበረ። እኔ ግን ማቆም አልተማርኩም። ብቻዬን "ምርት፣ ምርት" እያልኩ ቀጠልኩ። የሚገርማችሁ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀኝ፤ ሚስቴን ከሰውዬው መጠበቄንም ረሳሁት። ሌሎቹም ድምፆች አንድ በአንድ እየተለቃቀሙ ላዬ ላይ ተሳፈሩ፤ ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው።

ዳንኤል ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ ጉድ ሆነን ነበር!" ሰብለ አጠገቤ ቆማለች። ለእሷ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እንግዶቹን ሊሸኝ ሄደ።

እኔ ዳገቱን በክንፍ ወጣሁት። ለካ ሰውየው ሚስቴን ዞሮም አያያትም! ስንትና ስንት ጊዜ በከንቱ ተቃጠልኩ! ደጃችን ስንደርስ ሰብለ መቀነቷን እየነካካች፣ "ለእኔ ምንም አላለኝም እኮ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ድምፅሽ እኮ ግሩም ነበር" አልኳት። ዘግይቼም ቢሆን አልኩት። ልቤ በሐሴት ሞልቶ በሩን ልከፍት ቁልፉን አስገባሁ።

እና ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ባይላትስ ምን ቸገራት? እሱ ዝም ስላለ እሷ የምታለቅሰው ለምንድን ነው?

በሚቀጥለው ልምምድ ከሁሉም ቀድሜ የተገኘሁት እኔ ነበርኩ።