ቀድሞ ለማመልከት የዘገየ ሰው

(አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን፣ ጥር ወር። በረዶ የሠራ ሐይቅ ላይ የቆመች ጠባብ የእንጨት ጎጆ። ወለሏ ላይ በረዶውን በስቶ እስከ ውኃው የሚወርድ ሁለት ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው አንድ የዓሣ ዘንግ፣ መሃል ላይ የጋዝ ማሞቂያ፣ ጥግ ላይ ባዶ የቢራ ሳጥን። ዳሪል የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ የመንገድ በረዶ የሚጠርግ መኪና ይነዳል። ቤኔት እኔው ነኝ። ኢንሹራንስ ቢሮ ስልክ አነሳለሁ፤ ግን የሕግ ትምህርት ቤት ልገባ ነው። ልገባ ነው ማለት ከጀመርኩ ቆየሁ።)

ቤኔት፦ አትንካው አልኩህ!

ዳሪል፦ መንጠቆህን አንዴ ልየው ብዬ ነው።

ቤኔት፦ ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ነው፣ ዳሪል። በየደቂቃው እያወጣህ ካየኸው ዓሣው ይንቅሃል።

ዳሪል፦ ዓሣው?

ቤኔት፦ አዎ፣ ዓሣው!

ዳሪል፦ እኔ እያወጣሁ እያየሁ ነው የያዝኩት። ምንም አላሉኝም።

ቤኔት፦ ያንተዎቹ ትንንሾች ናቸው። እኔ የምጠብቀው ትልቁን ነው። ትልቅ ነገር የሚፈልግ ሰው አይቸኩልም።

ዳሪል፦ እሺ። ያ የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻህ ግን ዛሬ አይደል የሚዘጋው?

ቤኔት፦ ዛሬ ማታ። የመጀመሪያው ዙር ቅጠል ሲረግፍ አለፈኝ፤ ይሄ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነው። (ስልኬን አወጣሁ) ሁሉም ነገር ተሞልቷል። መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።

ዳሪል፦ እስቲ እንደገና ንገረኝ። ቀድሞ ማመልከት ማለት ቀድሞ መሄድ ነው?

ቤኔት፦ ኧረ በፈጠረህ! ስማ። ትምህርት ቤቱን “ከሁሉም አስበልጬ የምፈልገው አንተን ነው” ትለዋለህ። ፈርመህ ቃል ትገባለህ። እነሱም ከሌላው ሰው በፊት ያዩሃል፤ መልሱም ቶሎ ይመጣል። ከተቀበሉህ ግን አለቀ። ሌላ ቦታ ያመለከትከውን ሁሉ ሰርዘህ እዚያው ትገባለህ። ላስብበት ብሎ ነገር የለም።

ዳሪል፦ እምቢ ብትልስ?

ቤኔት፦ አይባልም።

ዳሪል፦ አይ፣ ቢባልስ? ፖሊስ ይመጣል?

ቤኔት፦ ፖሊስ! (ከልቤ ሳቅኩ) ፖሊስ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ስምህ ነው የሚጠፋው። ሕግ ልማር ብሎ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ፊርማውን ሲክድ አስበው እስቲ!

(ዳሪል ፊቱ ገረጣ። ብርዱ ነው ብዬ ማሞቂያውን ሳብ አደረግኩት፤ ወደ ራሴ።)

ዳሪል፦ ውሻ ይዞ መግባትስ ይቻላል?

ቤኔት፦ የት?

ዳሪል፦ እዚያ።

ቤኔት፦ እኔ ውሻ የለኝም!

ዳሪል፦ እኔ አለኝ።

ቤኔት፦ ስለ አንተ ማን ጠየቀ? እዚህ የሰው ሕይወት እየተወሰነ ስለ ውሻ ታወራለህ።

ዳሪል፦ እሺ፣ ይቅርታ። ቋሊማ ትበላለህ?

ቤኔት፦ አልበላም! ወስኛለሁ። እልከዋለሁ!

(እዚች ጎጆ ውስጥ ኔትወርክ ያለው ጣሪያው ሥር አንዲት ጥግ ላይ ብቻ ነው። ሳጥኑን አስጠግቼ ወጣሁበት፤ ክንዴን ዘረጋሁ።)

ዳሪል፦ ጎሽ! ላከው!

ቤኔት፦ (አውራ ጣቴ አየር ላይ ቆመ) ለምን ጎሽ አልከኝ?

ዳሪል፦ እልከዋለሁ ስላልክ።

ቤኔት፦ አየህ፣ አንተ እንዲህ ቶሎ ከተስማማህ አንድ ያላየሁት ነገር አለ ማለት ነው። (ወረድኩ) አዎ፣ ስኮላርሺፑ! ቀድሜ እጄን ከሰጠሁ በምን ልደራደር ነው? “ሌላው ትምህርት ቤት ይህን ያህል ሰጥቶኛል” ማለት የለ። ካቴናውን ራሴ አጥልቄ ቁልፉን ለእነሱ መስጠት ነው።

ዳሪል፦ በቃ፣ አትላከው።

ቤኔት፦ አትላከው? ከዚያ አገር ምድሩ ሲያመለክት ከሕዝቡ ጋር ልጋፋ? እዚያ ትምህርት ቤት ለመግባት ስንቱ እንደሚሻማ ታውቃለህ? (ሳጥኑ ላይ ወጣሁ)

ዳሪል፦ እሱም እውነት ነው። ላከው።

ቤኔት፦ ቸኮልክ! ገና አንዱን ወገን ነው የሰማኸው። (ወረድኩ)

ዳሪል፦ ቤኔት፣ ሳጥኑ ሊሰበር ነው።

ቤኔት፦ የሕግ አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁለቱንም ወገን ያያል። አንተ ይሄ አይገባህም፤ አልፈርድብህም። ኮሌጅ ታሪክ ያጠናኸው እንኳ ክፍሉ ለካፌው ቅርብ ስለነበረ ነው።

ዳሪል፦ ሾርባው ጥሩ ነበር።

ቤኔት፦ እኔ ስለ ራሴ የጻፍኩትን ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደቀየርኩት ታውቃለህ? አሁን በጣም ከማማሩ የተነሳ ስለ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ዳሪል፦ የበፊቱ ጥሩ ነበር። ሽንት ቤት ውስጥ የተቆለፈብህ ቀን።

ቤኔት፦ እሱን ከጽሑፉ አወጣሁት! ክብር ቢጤ እንዲኖረው ብዬ።

(ዳሪል ዘንጉን ሳብ አደረገ። ዓሣ። መንጠቆውን አላቅቆ ዓሣውን ባልዲው ውስጥ ጣለው። እኔ እንዳላየ ሆንኩ።)

ቤኔት፦ በቃ። ይኸው የመጨረሻ ውሳኔዬ፤ ምስክር ሁነኝ። አልልክም! ቀድሜ አላመለክትም! እኔ ነፃ ሰው ነኝ። ስለ አንዱ ብዬ ሌሎቹን በሙሉ አልሰርዝም። ሌሎቹም እኮ ትምህርት ቤቶች ናቸው! እነሱም ቢሆኑ እኔን የማየት ዕድል ሊያገኙ ይገባል!

ዳሪል፦ ጎ… (አፉን በእጁ ያዘ)

ቤኔት፦ በል፣ ጎሽ በል፤ አሁን ይፈቀድልሃል።

ዳሪል፦ አይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እነማን ናቸው?

ቤኔት፦ እነማን?

ዳሪል፦ እነዚህ የምትሰርዛቸው።

ቤኔት፦ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ነዋ! ያመለከትኩባቸው…

(ማሞቂያው እሽ ይላል።)

ዳሪል፦ የት የት ነው ያመለከትከው?

ቤኔት፦ እስካሁን ማለትህ ነው?

ዳሪል፦ እስካሁን።

ቤኔት፦ እሱማ… ቀድሜ ላመልክት አላመልክት የሚለውን ሳልወስን ሌላ ቦታ እንዴት አመለክታለሁ? ነገር በቅደም ተከተል ነው።

ዳሪል፦ እንግዲያው ዛሬ ልከህ ቢቀበሉህ የምትሰርዘው…

ቤኔት፦ የለም።

ዳሪል፦ ቅጠል ከረገፈ ጀምሮ ስታዝንላቸው የነበሩት…

ቤኔት፦ የሉም! የሉም አልኩህ እኮ! ደጋግመህ ታስለፈልፈኛለህ እንዴ?

(የምሸሽበት ሳጣ ዘንጌን አንስቼ ክሩን መጠቅለል ጀመርኩ። መንጠቆው ወጣ። ባዶ ነው፤ ትል የሚባል ነገር የለበትም።)

ቤኔት፦ ትሉ የት ሄደ? በላብኝ? ዓሣው በልቶብኝ ሄደ?

ዳሪል፦ አላደረግክበትም።

ቤኔት፦ ከጠዋት ጀምሮ?

ዳሪል፦ ስታወራ ባዶውን ጣልከው።

ቤኔት፦ ታዲያ እያየህ አትነግረኝም?

ዳሪል፦ ልየው ስልህ አትንካው አልከኝ።

(ተቀመጥኩ። ዳሪል ቋሊማውን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጠኝ። በላሁ። ቅድም አልበላም ያለው ሰው እኔ አልነበርኩም።)

ዳሪል፦ እኔም የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ እያልኩ ፋታ ስጠብቅ ነው።

ቤኔት፦ በል ተናገር። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?

ዳሪል፦ ያኔ ቅጠል ሳይረግፍ፣ እዚሁ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆነን፣ “ቀድሞ ያላመለከተ ጅል ነው” ብለህ ተቆጣህ፤ ታስታውሳለህ?

ቤኔት፦ ለራሴ ነበር የተናገርኩት።

ዳሪል፦ እኔን እያየህ ነው የተናገርከው። ጀልባዋ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም።

ቤኔት፦ እና?

ዳሪል፦ እና በመጀመሪያው ዙር አመለከትኩ። የተቆጣኸኝ መስሎኝ።

ቤኔት፦ (ቋሊማው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ) ማን? አንተ? የመግቢያ ፈተና ሳትፈተን?

ዳሪል፦ አብረን ተፈትነን የለ? “ብቻዬን እፈራለሁ፣ አጠገቤ ሆነህ ተፈተን” አላልከኝም?

ቤኔት፦ ለድፍረት እንድትሆነኝ ነበር እኮ! ቆይ፣ ውጤትህ ስንት ነበር?

ዳሪል፦ ይኸው፣ ዛሬ ጠየቅከኝ።

(ነገረኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔን የሚያውቅ ሰው እንዳያስተያየው።)

ቤኔት፦ እና ተቀበሉህ እንዳትለኝ።

ዳሪል፦ እሺ፣ አልልህም።

ቤኔት፦ ዳሪል!

ዳሪል፦ ተቀበሉኝ።

ቤኔት፦ የትኛው ትምህርት ቤት?

ዳሪል፦ ያው ያንተው ነዋ። የሌላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ቤኔት፦ ስለ ራስህ ጻፍ ሲሉህ ምን ብለህ ጻፍክ?

ዳሪል፦ ስለ ራሴ የምጽፈው ስላጣሁ ስለ አንተ ጻፍኩ። “አንድ ጓደኛ አለኝ። ከራሱ ጋር ሲከራከር ሁለቱንም ወገን ይይዝና ሁለቱም ወገን ይሸነፋል። ጠበቃ ያስፈልገዋል” ብዬ።

(ደስ አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ግን ቀናሁ፤ ያውም ጥርሴን እስኪያመኝ ድረስ። የሕግ አእምሮዬን ሁለቱንም ወገን እንዲያይልኝ ጠየቅኩት። የዳሪልን ወገን ብቻ አሳየኝ።)

ቤኔት፦ ስለዚህ ያ የፖሊሱ ነገር…

ዳሪል፦ ለእኔ ነበር። ውሻውም የእኔ ነው። እምቢ ማለት የሚቻል መስሎኝ ነበር። ፈርሜያለሁ፣ ቤኔት። ሌላ ቦታም አላመለከትኩም፤ የምሰርዘው እንኳ የለኝም። ከዚህ ሐይቅ ርቄ ኖሬ አላውቅም። እዚያ ስገባ አንዱ ተነስቶ “ሁለቱንም ወገን ተመልከት” ቢለኝ ምን እላለሁ? ብቻዬን እፈራለሁ።

(ሁሌም እኔ ነበርኩ ይህን ቃል የምለው። እሱ ሲለው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተነሳሁ። ሳጥኑ ላይ ወጣሁ።)

ዳሪል፦ ጎሽ ልበል ወይስ ዝም ልበል?

ቤኔት፦ ሳጥኑን ያዝልኝ።

(ያዘልኝ። ክንዴን ወደ ጥጓ ዘረጋሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ተጫንኩት። ስልኩ ሲያስብ ቆየ። በዚህ ጎጆ ውስጥ ሌላም የሚያስብ አለ ብዬ ተጽናናሁ። በኋላ ጢን አለ።)

ቤኔት፦ ሄደ። ዳሪል፣ ሄደ እኮ!

ዳሪል፦ ጎሽ!

ቤኔት፦ ባይቀበሉኝስ?

ዳሪል፦ ነገ ሌላ ቦታ ታመለክታለህ። ዛሬ ግን ትል አድርግበት።

(ወረድኩ። ትሉን ከቆርቆሮው አውጥቼ መንጠቆው ላይ ሰካሁ፤ ወደ ቀዳዳው ለቀቅኩት። ነገሩ ግን አልዋጥልህ አለኝ።)

ቤኔት፦ አንድ ነገር ግን ይታወቅልኝ። ማንም መጀመሪያ ቢገባ፣ ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ የጀመርኩት ካንተ በፊት ነው።

ዳሪል፦ እሱማ ልክ ነህ። እኔ ገና አልጀመርኩም።