በውክልና የታመመ ሰው

[አርባ ምንጭ፤ ከአንድ ክሊኒክ አጥር ውጭ። ጡረተኛው የሳይንስ መምህር ጥዑመልሳን ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሟል። የላንቴው ሙዝ ገበሬ ዳልጮ ቀበቶውን እያጠበቀ ከክሊኒኩ ይወጣል።]

ጥዑመልሳን፦ ሱሪህን ለምን አወለቅህ ነው የምልህ!

ዳልጮ፦ ሐኪሙ አውልቅ አለኛ፣ ጋሼ!

ጥዑመልሳን፦ «ብልቴ ላይ ቁስል አለ፣ አያመኝም፣ ንፍፊቴም አብጧል» በል አልኩህ እንጂ አሳይ መቼ አልኩህ?

ዳልጮ፦ ብያለሁ። «የታል?» አለኝ። አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። «ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው!» አለኝ።

ጥዑመልሳን፦ አንተ ደንቆሮ! የራስህን ታሳየዋለህ?

ዳልጮ፦ ታዲያ የማንን ላሳየው? የእርስዎ እዚህ ማንጎ ሥር ነው ያለው!

ጥዑመልሳን፦ ዝግ በል! አባያ ላይ ያለ ዓሣ አስጋሪ ሁሉ ይሰማሃል። በሽታውን እንደሆነ እኔው አውቄዋለሁ፤ አልማዝ ባለጭራ ነው። ቅባቱን ተቀብለህ መምጣት አቃተህ?

ዳልጮ፦ እሱንም ነገርኩት። «አልማዝ ባለጭራማ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። የማያም ቁስል ቂጥኝ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ብቻ አይታወቅም፣ ደም ይመርመር» አለ።

ጥዑመልሳን፦ ቂ... [ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ይስባል] የትናንት ልጅ እኔን ሊያስተምር! እና ደም ሰጠህ?

ዳልጮ፦ ሰጠሁ። ንጹሕ ነኝ፣ ጌታ ይመስገን!

ጥዑመልሳን፦ የአንተ ንጽሕና ለእኔ ምን ይሠራልኛል፣ አንተ የሙዝ ግንድ! ጸዳለ ይህን ከሰማች ትዳሬ አበቃለት። አንተን መላኬ ለዚህ አልነበረም?

ዳልጮ፦ እትዬ ጸዳለ እንኳን...

ጥዑመልሳን፦ እንኳን ምን?

ዳልጮ፦ ውጤቱ እስኪመጣ ሐኪሙ «ሚስትህም መመርመር አለባት፣ ጥራት» አለኝ። ደወልኩ።

ጥዑመልሳን፦ ያንተ ሚስት ደግሞ ምን አግብቷት?

ዳልጮ፦ የእኔማ ምን አግብቷት! «ውስጥ ከገባህ በኋላ አንተ እኔ ነህ» ብለውኝ የለ? ለእርስዎ ባለቤት ነው የደወልኩት።

ጥዑመልሳን፦ [ዛፉን ይደገፋል] ጨረስከኝ! ምን አለች? አለቀሰች?

ዳልጮ፦ ኧረ ሳቁ! እሳቸው ቀደም ብለው እዚሁ ተመርምረው፣ መርፌያቸውን ተወግተው ጨርሰዋል። «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተብለውም ነበር።

ጥዑመልሳን፦ ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?

ዳልጮ፦ እኔም ጠየቅኋቸው። «የሳይንስ መምህር አይደል? ራሱ ይደርስበታል ብዬ ነው» አሉ።