በሽምግልና መሃል የመጣ ወላፈን

የአዲስ አበባ ሰው ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚፈራው የተከፈተ መስኮት ነው። አትሳቁ። ከሜክሲኮ ታክሲ ተሳፈሩና መስኮቱን ጣት በምታህል ክፍተት ገርበብ አድርጉት፤ ታዩታላችሁ። ከኋላ ያለው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከጎን ያለችው ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ትጠቀልላለች፣ ከፊት የተቀመጡት አዛውንት ዞር ብለው «ኧረ ልጄ፣ ብርዱ ሳንባ ይመታል» ይላሉ። ታክሲ ሙሉ ሰው የአንዱን ትንፋሽ አንዱ ሲስብ ምንም የለም፤ ንጹሕ አየር የገባ ዕለት ግን በሽታ ገባ ይባላል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ከዚሁ ወገን ነበርኩ። አሁን ከድቻለሁ።

ያስከዳኝ መርፌ ነው። ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ፤ ፕሮስቴት የምትባል፣ እኛ ወንዶች ከፊኛችን ሥር ተሸክመናት የምንዞር ዕጢ አለች። እሷ ላይ ካንሰር ወጣብኝ፤ ሲደረስበትም ከቤቱ ወጥቶ አጥንቴ ጋ ደርሷል። ሐኪሜ ልጄን የምታክል ወጣት ናት። አስቀምጣ አስረዳችኝ፦ ይኼ ካንሰር የሚቀለበው በወንድነት ሆርሞን ነው፤ በየሦስት ወሩ የምትወጋኝ መርፌ ቀለቡን ትቆርጥበታለች፤ ጨርሶ ባይጠፋም አደብ ይገዛል፣ ምናልባትም ለዓመታት። «የጎንዮሽ ጉዳት ግን አለው» አለችና ትንሽ አቀረቀረች። እኔ ጡረታ እስክወጣ በመድን ሥራ የሰው መኪና ጉዳት ስገምት የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ጉዳት ሲነገረኝ የምደነግጥ አልመሰለኝም ነበር።

ድካም አለች፤ እሺ። ቦርጭ አለች፤ እሱማ ከበፊቱም ነበረ። አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጡትም ጠጠር ጠጠር ሊል ይችላል አለች። የመኝታ ቤቱን ጉዳይ በተመለከተ ከባለቤትዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት ብላ መከረችኝ። ተነጋገርንበት። የተነጋገርነውን ግን ለእናንተ አልነግርም።

የባሰው ወላፈኑ ነው። በሰላም ቁጭ ብላችሁ ዜና ስታዩ ከደረታችሁ አንድ እሳት ይነሳል፣ በአንገታችሁ ሽቅብ ይወጣል፣ ፊታችሁን ያነደዋል፣ ላቡ ጀርባችሁን አጥቦ ሲጨርስ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላችኋል። የመጀመሪያው ዕለት ወባ ነው ብዬ ኑዛዜ ሳስብ፣ ባለቤቴ ዘነቡ ምንም ሳትደነግጥ መስኮቱን ከፈተች፣ ሹራቤን አወለቀችልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቀበለችኝ፤ ከዚያ ወገቧን ይዛ «ወደ እኛ ሰፈር እንኳን ደህና መጣህ» አለችኝ። ሴቶች በዕድሜ መሃል የወር አበባቸው ሲቆም የሚያልፉበት ሰፈር ነው፤ እሷ ከዓመታት በፊት አቋርጣው ወጥታለች። ስለዚህ አስተማሪዬ ሆነች። ወፍራሙ ሹራብ ቀርቶ ስስ ስሱን መደራረብ፣ ሚጥሚጣና ቢራ መቀነስ፣ ጧት ጧት ከልደታ ኮንዶሚኒየማችን እስከ ሜክሲኮ በእግር ደርሶ መመለስ፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በሁለት እጅ እያነሱ ክንድን ማሠራት። ዶክተሯም ያለችው ይኸንኑ ነበር፤ ልዩነቱ ዘነቡ የምትመክረው እየሳቀች መሆኑ ነው።

ለእንባው ግን እሷም መላ አጣችለት። ለቅሶ ቤት ዓይኑ ደረቅ ነው እየተባልኩ የምታማው ሰውዬ፣ አሁን የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ሕፃን ልጅ ሲታጠብ ሳይ አለቅሳለሁ። መርፌው ስሜትንም ይነካካል ተብዬ ስለ ነበር፣ ሲመጣ ዝም ብዬ መሀረቤን አወጣለሁ።

ሕመሜን ከዘነቡና ከናቲ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ናቲ የሟች እህቴ ልጅ ነው፤ ያሳደግነው እኛ ነን። ታዲያ ይኼ ልጅ ሄለን የምትባል ቆንጆ ወደደ፣ እሷም ወደደችው፤ የቀረው አባቷን አቶ ደሳለኝን እሺ ማሰኘት ነበር። እዚህ ላይ ቀልዴን ልተወው። መርፌው ስንት ዓመት እንደሚቸረኝ ማንም አያውቅም። ልጁን በቁሜ መዳር ፈለግሁ፤ የእህቴ አደራ ነው። ከዚያ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

አቶ ደሳለኝ ሰንጋ ተራ ግቢ ያላቸው የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። እኔ፣ የሰፈራችን ቄስና ጡረተኛው ሻለቃ ታደሰ ሁለት ጊዜ ለሽምግልና ሄደን፣ ሁለቴም በቀጠሮ መለሱን። በቀጠሮው አልተከፋንም፤ ቀጠሮ ማብዛት የሴት ልጅ አባት ወግ ነው። ያስከፋን ሌላ ነው። ገና «የመጣንበት ጉዳይ» ስንል ሰውዬው ብድግ ይላሉ፣ ይቅርታ ብለው ይወጣሉ፣ ቆይተው ይመለሳሉ፤ ነገሩ መልክ ሲይዝ ደግሞ ብድግ። ሻለቃ ታደሰ ይኸን ንቀት ነው ብሎ ተረጎመው። «አሁንም ከመለሰን ዳግመኛ ደጁን አልረግጥም» አለ፤ ቄሱ ዝም አሉ፤ የቄስ ዝምታ ደግሞ ማኅተም ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ጉዞ የመጨረሻችን ሆነ።

የዚያን ዕለት ዘነቡ «ጋቢውን ተው፣ መርፌህ ገና ትኩስ ነው» ብላኝ ነበር። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ያለ ጋቢ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሉ ልብሴን ከነክራባቱ፣ በላዩ ላይ ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። የአቶ ደሳለኝ ሳሎን መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ መጋረጃውም ወርዷል፤ የጨዋ ቤት ነዋ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀምስምና የቀረበልን ሻይ ፊታችን ቁጭ ብሎ ይተናል። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። አቶ ደሳለኝ እንደ ልማዳቸው አንዴ ወጥተው ተመለሱ። ሻለቃው የናቲን ጨዋነት ጨርሶ ወደ ሥራው ሲሻገር ወላፈኑ ከደረቴ ተነሳ።

ጋቢዬን ላላ አደረግሁ፤ ምንም። ክራባቴን ጎተት አደረግሁ፤ ባሰ። ይኸን መስኮት ክፈቱልኝ እንዳልል በሰው ቤት ብርድ ያስገባ ሽማግሌ ልሆን ነው። ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ ዓይኔ መጨላለም ጀመረ፤ ሽማግሌ ተዘርሮ ልጅ አይጠይቅም። ስለዚህ ምንም ሳልናገር ብድግ አልኩ፣ ጋቢዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ጣልኩ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

እስቲ ይኸን እዚያ በተቀመጡት ዓይን እዩት። የሽማግሌዎቹ መሪ፣ የልጁ አሳዳጊ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጋቢውን ወርውሮ ከቤት ወጣ። በእኛ አገር ከዚህ የሚብስ እርግማን የለም። ሻለቃው በኋላ እንደ ነገረኝ የሄለን እናት «በማርያም፣ ሰውዬው ተቀይመው ሄዱ» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

እኔ ግቢው ጥግ ካለው ቧንቧ ሄጄ፣ ኮቴን አውልቄ ፊቴን በውሃ አራስኩ። ነፋሱ ሲመታኝ ነፍሴ መለስ አለች። መለስ ስትል ግን ያደረግሁት ገባኝ፤ የናቲን ጉዳይ በገዛ እጄ ገደል ሰደድኩት። ይኼኔ እንባው መጣ። ቀና ስል አቶ ደሳለኝ ተከትለውኝ ወጥተዋል። ያ ኩሩ ሰው ጎንበስ ብለው እጄን ያዙ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አቶ መኮንን» አሉ። «አስቀይሜዎታለሁ። ሽማግሌ አልቅሶ ከደጄ አይሄድም። ይግቡ፤ ልጅቷን ሰጥቻለሁ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሺታው እጄ ገብቷል። ዓይኔን ጠርጌ፣ ኮስተር ብዬ መግባት ብቻ ነው የቀረኝ። ነገር ግን ያልደረሰበትን ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ በስተርጅናዬ ከእነሱ ጋር መሰለፍ አስጠላኝ።

«አልተቀየምኩም» አልኳቸው። «ካንሰር አለብኝ፤ የፕሮስቴት። የምወጋው መርፌ እንዲህ ያቃጥለኛል፣ ያስለቅሰኛልም። ይኸን ሰምተው ሐሳብዎን ቢለውጡ አልፈርድብዎትም።»

ካንሰር ካለበት ቤት ጋር ለመዛመድ የሚያመነታ ሰው ሞልቷል፤ የናቲን ሠርግ በአፌ ያፈረስኩት መሰለኝ። አቶ ደሳለኝ ወደ ሳሎኑ በር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲጀምርዎት በሽንት ነበር?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ራሳቸው ቀጠሉ። «እኔን መጣሁ መጣሁ ይለኛል፤ ስሄድለት ጠብ ጠብ ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ቧንቧ ሸጬ የራሴ ዘጋብኝ።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ ሁሉንም አወጡት። ናቲን ወደውታል። ግን እሺ ካሉ ሠርግ አለ፤ ሠርግ ካለ ቅዳሴ መቆም አለ፣ አጀብ አለ፣ አዳራሽ ቁጭ ብሎ እንግዳ መቀበል አለ፤ የሙሽራ አባት ደግሞ በየመሃሉ እየተነሳ አይሮጥም። ሐኪም ዘንድ እንዳይሄዱ የሚነግራቸውን ፈሩ። እናም ቀጠሮ ሲሰጡ የከረሙት በፊኛቸው ምክንያት ነበር። ሻለቃ ታደሰ ንቀት ያለው ይኸን ነው።

«ለባለቤትዎ ነግረዋል?» አልኳቸው።

«ይኼ ለሴት ይነገራል?»

«እኔ ባልነግራት ኖሮ እስካሁን የወባ ኪኒን ስውጥ ነበር» አልኳቸውና ሰኞ አብረን ሐኪም ቤት እንድንሄድ ተስማማን። እሺታው በቦታው እንዳለ ነው ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። እሳቸው ግን ክንዴን ይዘውኝ ገቡና፣ በሁሉም ፊት ልጃቸውን ለልጄ ሰጡ።

ሻለቃ ታደሰ እስከ ዛሬ ያቺን አወጣጥ የሽምግልና ብልሃት ናት ብሎ ያስተምራል። «ጋቢውን ጥሎ ወጣ፤ ሰውዬው ተንበርክኮ መጣ» እያለ በየድግሱ ያወራልኛል፤ ሰውም ጸብ ባለበት ሁሉ ይጠራኛል። አላስተባብልም፤ ዝና በዚህ ዕድሜ በቀላሉ አይገኝም።

ሰኞ ሄድን። ደም ተሰጠ፣ ከዕጢዋም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ አቶ ደሳለኝ ከሰው ሸሹ፤ እኔ ጧት ጧት እየሄድኩ ለእግር ጉዞ አወጣቸው ነበር። የእሳቸው ዕጢ አብጣለች እንጂ ካንሰር የለባትም፣ በኪኒን ትመለሳለች ተባለ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ አንተ ተባብለናል።

ሠርጉ ሲደርስ የደሳለኝ ኪኒን ገና ሥራውን አልጨረሰም፣ የእኔም ወላፈን ጋብ አላለም። ስለዚህ የክብር ወንበራችንን ለአክስቶች ለቀን፣ አዳራሹ በር አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ናቲ ሄለንን ይዞ ሲገባ ቆሜ አየሁት፤ እህቴንም በሆዴ ልጅሽ ይኸውልሽ አልኳት። እንግዳው የሚያወራው ግን ስለ እኛ ትሕትና ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሸበቶ ሰውዬ «የዘመኑ ሰው ለፊት ወንበር ሲጋፋ እናንተ ደጃፍ መረጣችሁ፤ አባትነት እንዲህ ነው» እያሉ ይመርቁን ጀመር።

ደሳለኝ ምርቃቱን በጨዋ ደንብ አሜን አሜን እያለ ተቀበለ። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎስ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» አላቸው።

ሰውዬው ግራና ቀኝ አዩና ወንበራቸውን ወደ እኛ ሳብ አደረጉ።