በቃሬዛ የመጣው ሐይቅ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ ደግ ደጉን ፍቱልኝ።

ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። እኔ እስከ አንገቴ የሽንኩርት መደብ ውስጥ ተተክያለሁ፣ ሽንኩርቶቼ ዶማ ይዘው ይኮተኩቱኛል። ምንም አልገረመኝም፤ አንገቴ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ ብቻ አልኳቸው።

ዘወር ስል እድራችን ስብሰባ ላይ ነኝ። ጸሐፊው እኔ ነኝና መዝገቤን ዘርግቻለሁ። አራት አምባዛ ዓሣዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሐይቃችንን በቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ያ ሁሉ ውሃ አንሶ አንሶ ቃሬዛውን እንኳ አልሞላውም። ያቃስታል።

ትልቁ አምባዛ እጅ ነሥቶ ተናገረ። ዝናቡ ቀረ፣ ሙቀቱ ባሰ፣ እናንተ ደግሞ በፓምፕ ትመጥጡታላችሁ፤ ዛሬውኑ ካላቆማችሁ እኛም እናንተም አንተርፍም አለ። የኔም ፓምፕ ከውጭ ሲንደቀደቅ ይሰማኛል። አፈርኩ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰንበቶ መነጽራቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰክተው ደንቡን አነበቡ።

«ሞቷል?»

«ኧረ ታሞ ነው እንጂ አልሞተም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ? ደንባችን ለሞተ እንጂ ለታመመ አይልም።»

ቤቱ አጨበጨበ። ለቀብሩ ግን ማን ይቀድመናል! ትልቁ ድንኳን እንዲተከል፣ ንፍሮው እንዳያንስ፣ አልቃሽ ከሩቅ አገር እንድትመጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ፓምፑንማ ሁሉም «ጎረቤቴ ካቆመ አቆማለሁ» አለ። ጎረቤትየውም ወደ ጎረቤቱ እያሳለፈ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። እኔማ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ አልኩ።

አምባዛው ትክ ብሎ አየኝ።

«ልጆች የሉህም?»

ሦስት አሉኝ ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ሸጊቱ ትከሻዬን ይዛ ናጠችኝ።

«ተነስ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ሐይቁ ሸሽቶ የለቀቀውን መሬት በዕጣ ሊከፋፈሉ ነው። ያልተገኘ የለውም!»

ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። እዚህ ሰፈር በሰዓቱ የተጀመረ ስብሰባ ሃያ ዓመት ሙሉ አይቼ አላውቅም፤ ይሄኛው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ተጀምሯል። ጋሽ ሰንበቶ ከፊት ተቀምጠዋል። ደግነቱ ደረስኩ፣ ጥሩ ቦታም ወጣልኝ። ውሃው ትንሽ ራቅ ስላለ፣ አሁን ረዘም ያለ የፓምፕ ቱቦ እያፈላለግኩ ነው።